የተወካያችን ደብዳቤ ከታች ወደ ላይ ሲነበብ

ጤና ይስጥልኝ፤ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በዊተን፣ በአስፐን ሂልና በአካባቢው ያላችሁ ወገኖቼ። ለ2018 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ በሰላም ያድርሳችሁ።

ትናንት ማታ ከሥራ ገብቼ ኢሜይሌን ስከፍት ከወረዳችን የሜሪላንድ ምክር ቤት ተወካይ የመጣ የመኸር ደብዳቤ አገኘሁ። አናቱ ላይ እንደ ልማዳቸው ፎቶግራፍ ደርድረዋል፦ ከተማሪዎች ጋር፣ ከእሳት አደጋ ሠራተኞች ጋር፣ መቀስ ይዘው ሪባን ሲቆርጡ። ከሥሩ ምክር ቤት ውስጥ ስላደረጉት ትግል ሦስት ረጃጅም አንቀጾች አሉ። አብዛኞቻችን እዚህ ላይ ስንደርስ እንሰርዘዋለን። እኔም ስድስት ዓመት ሙሉ ስሰርዝ ኖሬያለሁ፤ ምን እንዳስቀረብኝ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ትልቋ ልጄ ኮሌጅ በገባችበት ዓመት አብራኝ የምትሠራ የኤል ሳልቫዶር ተወላጅ ምሳ ላይ «ለአራቱ ጻፋችሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ለየትኞቹ አራት?» ስላት ማንኪያዋን አስቀምጣ አየችኝ። ሜሪላንድ 47 የምርጫ ወረዳዎች አሏት፤ እያንዳንዱ ወረዳ አናፖሊስ ወደሚገኘው ምክር ቤት አንድ ሴናተርና ሦስት ተወካዮች ይልካል። በድምሩ 188 ሰው መሆኑ ነው። ከእነዚህ እያንዳንዳቸው ለተማሪዎች የሚሰጡት የስኮላርሺፕ ገንዘብ በግዛቱ ሕግ ተመድቦላቸዋል። የተማሪው ድርሻ ፋፍሳን (የፌዴራል የተማሪዎች እርዳታ ማመልከቻ ቅጽ ነው) እስከ ማርች 1 መሙላት፣ ከዚያም ለአራቱም ለየብቻ ማመልከት ነው። በመኖሪያ ፈቃዱ ምክንያት የፌዴራል እርዳታ የማያገኝ ተማሪ በፋፍሳ ፈንታ የሚሞላው የግዛቱ የራሱ ቅጽ አለ። አንዳንዱ ተወካይ አጭር ጽሑፍ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ የራሱን ቅጽና የራሱን ቀነ ገደብ ያወጣል። ያ ሁሉ በደብዳቤው ግርጌ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ የመጽሐፍ ሽያጭ ማስታወቂያ ቀጥሎ፣ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ኖሯል።

የመጀመሪያው ዓመት አመለጣት። በሁለተኛው ለአራቱም ጻፈች። አንዱ ዝም አሉ፣ አንዷ «ገንዘቡ አልቋል» አሏት፣ ሁለቱ ሰጧት። የኮሌጅ ክፍያን የሚሸፍን ገንዘብ አይደለም፤ የመጻሕፍትና የአውቶቡስ ነው። ቢሆንም አንድ ገጽ ተኩል ጽፋ ያገኘችው ነውና እኔ አልናቅሁትም።

ከዚያ ወዲህ ደብዳቤውን ከታች ወደ ላይ ነው የማነበው። ቀን የተቆረጠለት ነገር ሁሉ የሚቀመጠው ከታች ነው።

የዘንድሮው ግርጌ ላይ ኦክቶበር 1 ሁለት ጊዜ ተጽፏል። አንደኛው የቤት ባለቤቶች የንብረት ግብር ቅናሽ ነው፤ በገቢ መጠን የሚሰጥ ነው። ሁለተኛው ብዙዎቻችን መኖሩን የማናውቀው የተከራዮች ቅናሽ ነው። ዕድሜያቸው 60 የሞላ ወይም ሙሉ የአካል ጉዳት ያለባቸው፣ ከ60 በታች ከሆኑም ቢያንስ አንድ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የሚያሳድጉና ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ተከራዮች በዓመት እስከ 1,000 ዶላር ሊያገኙ ይችላሉ። ቼኩ ግን ካላመለከቱ በራሱ አይመጣም። ቤት የገዛችሁ ደግሞ ሆምስቴድ የሚባለውን ማመልከቻ መሙላታችሁን አረጋግጡ። በየዓመቱ የሚሞላ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ነው፤ የምትኖሩበት ቤት ግምት ሲንር ግብር የሚታሰብበትን ጭማሪ ይገታል። ቤት በገዛንበት ዓመት የፈረምነው ወረቀት ብዛት ለጉድ ስለነበር ይህንንም አብረን የሞላን ይመስለናል። እኔ ስፈትሽ አልተሞላም ነበር።

ወደ መሃል ከፍ ስትሉ ፖሊሲው ይመጣል፤ እዚህ ላይ ደብዳቤው ትንሽ ይሽኮረመማል። በ2025ቱ የ90 ቀን ጉባኤ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ የበጀት ጉድለት ደፈንን ይላሉ። እውነት ነው፣ ደፍነዋል። በምን እንደደፈኑት ግን ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ ነው ያለው፤ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ መኪና ሲገዛ የሚከፈለው ግብር ከ6 በመቶ ወደ 6.5 በመቶ ከፍ ብሏል። በ20,000 ዶላር መኪና ላይ 100 ዶላር ጭማሪ ማለት ነው። በመኪና ሥራ የምትተዳደሩ ወንድሞቼ አሮጌውን ለመቀየር ስታስቡ ይህንን አብራችሁ አስሉ።

ሌላው፣ የቱን ለማን አቤት እንደምንል ማወቅ ያስፈልጋል። ጆርጂያ አቬኑ የግዛቱ መንገድ ነው፤ እዚያ ጎማችሁን ያፈነዳው ጉድጓድ የግዛቱ ጉዳይ ነው። ቤታችሁ በር ላይ ያለው ጉድጓድ ግን የአካባቢያችን አስተዳደር የሆነው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በመደብሮች የፕላስቲክ ከረጢት የሚከለክለውና የወረቀቱን 10 ሳንቲም የሚያስከፍለው ሕግም የካውንቲው ነው። ለተወካይዋ ጽፎ መቆጣት ትርፉ ድካም ነው። (ከአሁኑ መኪናችሁ ውስጥ ዘንቢል አኑሩ።)

ቀጣዩ ጉባኤ ጃንዋሪ 14 ቀን 2026 ይጀመራል። በ90 ቀን ውስጥ ከ2,000 በላይ ረቂቅ ሕግ ይቀርባል። ማንኛውም ሰው በኢንተርኔት ተመዝግቦ በቃልም በጽሑፍም አስተያየት መስጠት ይችላል። አረጋውያንን የምትንከባከብ ጓደኛዬ አንድ ጊዜ ሄዳ ነበር። የአሥር ደቂቃ ንግግር አዘጋጅታ የሰጧት ሁለት ደቂቃ ነው። ሰላምታውን ሳትጨርስ ግማሹ አለቀ። «ሁለተኛ ብሄድ እግዜር ይስጥልኝ የምለው መጨረሻ ላይ ነው» ትላለች።

ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ።

መልስ፣ ከአስፐን ሂል

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት የለኝም። ድምፅ የማልሰጥ ሰው ለተወካይ ብጽፍ ማን ይሰማኛል ብዬ ነው የተውኩት።

መልስ፣ ከጸሐፊዋ

ወንድሜ፣ ወረዳው ውስጥ እስከኖርክ ድረስ ተወካይህ ናቸው። የሥራ አጥ ክፍያ ሲዘገይ፣ መንጃ ፈቃድ ሲጓተት ቢሮአቸው ደውሎ የሚከታተል ሠራተኛ አለው፤ እኔን «ዜጋ ነሽ?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። የሚጠይቁት አድራሻ ነው። ለምክር ቤቱ ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው ግን ዜጋ ብቻ ነው፤ በዚህ ቀልድ የለም፣ በስህተት መመዝገብም ጣጣ አለው። ታኮማ ፓርክ የሚኖር ሰው በከተማው ምርጫ ብቻ ዜጋ ባይሆንም ይመርጣል። ዜጎች የሆናችሁ ደግሞ 188ቱም መቀመጫዎች በ2026 ለውድድር እንደሚቀርቡ አትርሱ። የፓርቲዎቹ ቅድመ ምርጫ ጁን 23 ነው፤ በፓርቲ ያልተመዘገበ ሰው በዚያ ቀን ተወካይ አይመርጥም።

መልስ፣ ከዊተን

እኔ ደግሞ አከራዬ ኪራዩን 9 በመቶ ጨምሬያለሁ የሚል ወረቀት በር ሥር አስገብተውልኛል። ከወር በኋላ ይጀምራል ይላል። አዲስ ቤት ልፈልግ ብል መያዣ የሁለት ወር የሚጠይቁ አሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፣ ከጸሐፊዋ

ሁለቱን እንለያቸው። መያዣው የግዛቱ ሕግ ነው፤ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ወዲህ በተፈረመ ውል፣ ከአንድ ጠባብ ልዩ ሁኔታ በስተቀር፣ ከአንድ ወር ኪራይ በላይ መያዣ መጠየቅ አይቻልም። ስትለቁም በ45 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት።

የኪራዩ ጣሪያ ግን የካውንቲው ነው፤ እስከ ጁን 2026 መጨረሻ 5.7 በመቶ ነው። ጭማሪ በ12 ወር አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን የ90 ቀን ማስታወቂያ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የአንድ ወሩ ወረቀት በዚህ ብቻ እንኳ ይወድቃል። ነገር ግን ከመናገርዎ በፊት ሕንፃው መቼ እንደተሠራ ይጠይቁ። 23 ዓመት ያልሞላው ሕንፃ ከጣሪያው ነፃ ነው። ከሁለት ቤት በላይ የሌለው አከራይም እንደዚሁ። ሮክቪል ከተማ ውስጥ ቢሆኑ ኖሮም ጣሪያው አይመለከትዎትም ነበር። የተቀበሉትን ወረቀት አይጣሉት፣ የደረሰዎትን ቀን ጫፉ ላይ ይጻፉበት፤ ለካውንቲው የአከራይና ተከራይ ጉዳዮች ቢሮ ይደውሉና አማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ።

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

በረዶውንስ ረሳሽው? አምና በረዶው ካቆመ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ የእግረኛ መንገዱን መጥረግ ግዴታችን መሆኑን የነገረኝ ጎረቤቴ ነው፤ ያውም የእኔን ጠርጎ ከጨረሰ በኋላ። አፈርኩ። ዘንድሮ አካፋውን በኦገስት ገዝቻለሁ።

አንድ ጥያቄም አለኝ። እናቴ 71 ዓመታቸው ነው፤ ከእኛ ጋር በኪራይ ቤት ነው የሚኖሩት። ያልሽው የተከራይ ቅናሽ ይደርሳቸዋል?

መልስ፣ ከጸሐፊዋ

ውሉ ላይ ስማቸው አለ? ቅናሹ ኪራይ የመክፈል ሕጋዊ ግዴታ ላለበት ሰው ነው። ካለም አብሯቸው የሚኖረው ሰው ገቢ በአብዛኛው አብሮ ይደመራልና ተስፋውን ከልክ በላይ አታድርገው። ግን መሞከር ገንዘብ አያስከፍልም፤ ገና ሦስት ሳምንት አለህ።

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ውሉን አውጥቼ አየሁት። ስማቸው ከእኔ በላይ ተጽፏል። ያኔ «እኔ እንግዳ ነኝ፣ ምን ያስፈርመኛል» ብለው እምቢ ሲሉ እስክሪብቶውን በእጃቸው ያስያዘቻቸው የአከራዩ ጸሐፊ ነበረች። ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቅጹን አብረን እንሞላለን።