«በሳምንት ሰባት ዓርብ» ምን ማለት ነው? ቅድስት ዓርብስ ማን ናት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሩሲያኛ የሚማረው ወንድሜ «በሳምንት ሰባት ዓርብ አለው» የሚል አባባል ላከልኝ። በቁሙ ስፈታው ትርጉም አልሰጥ አለኝ። «ቅድስት ዓርብ» የሚሏት ቅድስትም አለች ይለኛል። ቀን እንዴት ቅድስት ይሆናል? የምታውቁ እስኪ አስረዱን።

መልስ፦ አባባሉ ዛሬ ያለውን ነገ ለሚያጥፍ ሰው ነው የሚባለው፤ እኛ ወላዋይ የምንለው። ብዙ ጊዜ ከገበያ ጋር ያያይዙታል። ዓርብ የገበያ ቀን ስለነበረ የዕዳውም ቀጠሮ ለዓርብ ነው፤ ባለዕዳው ግን ከዓርብ ወደ ዓርብ ይገፋዋል።

ወደ ቅድስቲቱ ስንመጣ ነገሩ ይጥማል። ፓራስኬቫ በገድሏ መሠረት በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን በኢቆንዮን ሰማዕት የሆነች ድንግል ናት። ስሟ ግሪክኛ ነው፤ በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «የማዘጋጀት ቀን» የተባለው የሰንበት ዋዜማ፣ ማለትም ዓርብ ነው። ሩሲያውያን ስሙን ሲቀበሉ የራሳቸውን የዓርብ ስም ጨመሩበትና «ፓራስኬቫ ፒያትኒጻ» አሏት። ገበሬው ከዚያ ወዲያ ሰማዕቷንና ቀኑን አልለየም። «እናታችን ዓርብ» ብሎ ይጠራት ጀመር።

መልኳም ተለወጠ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ቀይ ልብስ የለበሰች፣ መስቀል የያዘች፣ ፊቷ ኮስተር ያለ ሴት ናት። በሕዝቡ ተረት ግን ሰውነቷ በመርፌና በእንዝርት የተወጋ ነው። የወጓት ዓርብ ዕለት የሚፈትሉና የሚሰፉ ሴቶች ናቸው። አንዲት ሴት ዓርብን ሳታከብር የተልባ ጭረት ስታበጥር ውላ እንቅልፍ ይወስዳታል። ዓርብ ትመጣና የተልባውን ብናኝ ዓይኗ ውስጥ ትሞላዋለች። ሴትዮዋ ስትነቃ ዓይኗ አያይም። ዓርብን ለምና ይቅር እስክትባል ድረስ እንደዚያው ትቆያለች።

ቤተ ክህነቱ ይህን አልወደደውም። በ1551 እ.ኤ.አ. የሞስኮው ጉባኤ፣ ቅድስት ዓርብ ተገለጠችልን እያሉ ሰውን ረቡዕና ዓርብ ሥራ የሚያስፈቱትን አውግዟል። የታላቁ ጴጥሮስ የ1721 የቤተ ክርስቲያን ደንብም ያኔ በዩክሬን ምድር በነበረችው በስታሮዱብ፣ ፀጉሯን የፈታች ሴት «ዓርብ» ተብላ በዑደት ላይ ትመራለች፣ ሕዝቡም ስጦታ ያቀርብላታል ይላል። እኔ ይህን ሳነብ ደንግጫለሁ። በሕይወት ያለች ሴት የቅድስቲቱ ምስል ሆናለች!

ሌላ አባል፦ እኔ የማውቀው የድሮዋ ጣዖት ሞኮሽ ስሟን ቀይራ ቅድስት ዓርብ ሆነች የሚባለውን ነው።

መልስ፦ ብዙዎች እንደዚያ ይላሉ። ሞኮሽ ልዑል ቭላድሚር በ980 ኪየቭ ላይ ካቆማቸው ጣዖታት አንዷ ናት። በሰሜን ሩሲያ ኋላ በተሰበሰቡ ተረቶች ደግሞ ሌሊት የምትፈትል ሞኩሻ አለች። ስለዚህ ግምቱ መሠረት የለውም አልልም። ግን ለብቻው አይበቃም ባይ ነኝ። ዓርብ የጾም ቀን ነው፤ ስሙም የሴት ስም ሆኗል። ሁለቱ ከተገናኙ ቀኑ ሰው ለመሆን የግድ ጣዖት አያስፈልገውም። እሑድም በስላቮች ዘንድ ሴት ቅድስት ናት፤ ሰርቦች «ቅድስት ኔዴልያ» ይሏታል፣ ኔዴልያ ማለት እሑድ ነው።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ገባኝ። እኛ አገር ይህን የሚመስል አለ?

መልስ፦ አለ። የቤተ እስራኤል «ትእዛዘ ሰንበት» የተባለውን የግዕዝ መጽሐፍ ተመልከት። ሰንበት እዚያ በሴት ተመስላ በእግዚአብሔር ፊት ላከበሯት ትማልዳለች።