ጥቆማ፦ ውስጡን ለማሳመር የሚመች ቤት የቱ ነው? ኮንዶሚኒየም፣ ከፊል የተጠናቀቀ አፓርታማ ወይስ የቆየ ቪላ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ቤት እየፈለግን ነው። ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ ሰሚት ከፊል የተጠናቀቀ አፓርታማ፣ ሳር ቤት ደግሞ የቆየ ቪላ አለ። የዋጋውን ነገር ለጊዜው ተዉልኝ። ኩሽናውን ከሳሎን ጋር አንድ አድርገን ውስጡን እንደ አዲስ መሥራት ነው ሐሳባችን። የቱ ይመቻል?

መልስ፦ እህቴ፣ ቀለሙና ሴራሚኩ አያታልሉሽ፤ በሳምንት ይቀየራሉ። የማይቀየረውን እይ፦ ኮለንና ቢም (ቋሚውና አግዳሚው የኮንክሪት ምሰሶ)፣ የፍሳሽ መውረጃው፣ የመስኮቱ አቅጣጫ።

ኮንዶሚኒየም ላይ ሸክሙን የሚይዙት ኮለንና ቢም ናቸው። መሐል ያለው ብሎኬት ወይም አግሮስቶን (ስስ የግድግዳ ሰሌዳ) ክፍል ለመክፈል የቆመ ስለሆነ የኩሽናው ግድግዳ ብዙ ጊዜ ይነሳል። መሐንዲስ ሳያየውና የነዋሪዎቹ ማኅበር ሳያውቅ ግን መዶሻ አታስነሺ፤ ውስጡ የመብራት መስመር ወይም ቧንቧ ሊኖር ይችላል። ሌላው ደግሞ ካቢኔው ነው። አግሮስቶን ላይ የተሰቀለ ካቢኔ ሳህን ሲሞላበት ብሎኑን ይዞ ይነቀላል። ብሎኬት ይሻላል፣ ግን ፊሸሩ (ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ) የብሎኬቱ ባዶ ጉድጓድ ላይ ካረፈ እሱም ይላላል።

ሲንኩን ከቦታው ለማራቅ ካሰብሽ ሒሳቡን ሥሪ። የፍሳሽ ቱቦ በየሜትሩ ቢያንስ 2 ሳንቲም ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። 3 ሜትር ካራቅሽው 6 ሳንቲም ሆነ፤ የቱቦው ውፍረት 5 ሳንቲም ሲጨመርበት 11። ይህን ወለሉ ውስጥ መቅበር አይቻልም፣ በካቢኔ ጀርባ ነው የሚሄደው። የሽንት ቤቱ ቱቦ ደግሞ ብቻውን 11 ሳንቲም ስለሆነ መቀመጫውን ባለበት ተዪው።

ክፍት ኩሽና ስትይ ምጣዱን አትርሺ። የቁሌቱ ሽታ መጋረጃና ሶፋ ውስጥ ይገባል፤ የምጣዱ እንፋሎት ደግሞ ኮርኒሱን ያሻግታል። ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፣ ይህም ወደ 16 አምፔር ነው። የራሱ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና የራሱ 20 አምፔር ብሬከር ያስፈልገዋል። ኮንዶሚኒየሙ የጋራ ማብሰያ ካለው እዚያ መጋገሩ ይሻላል።

መልስ፦ እኔ ከፊል የተጠናቀቀውን እመርጣለሁ። ልስን ከማለቁ በፊት ሶኬትና መብራት የት እንደሚሆን አንቺ ትወስኛለሽ፤ ኋላ ግድግዳ እየቆፈሩ ከማበላሸት ያድናል። ችግሩ «ከፊል» የሚለው ቃል ነው። ለአንዱ ሻጭ የውስጥ በርና ሳኒተሪ አለበት፣ ለሌላው ባዶ ብሎኬት ነው። እያንዳንዱ ዕቃ በውሉ ላይ በስሙ ይጻፍ።

የተነገረሽን ካሬ ሜትርም ዝም ብለሽ አትቀበዪ፤ የደረጃው፣ የኮሪደሩና የሊፍቱ ድርሻ ተደምሮበት ሊሆን ይችላል። ሜትርና ጠመኔ ይዘሽ ሂጂና ዕቃሽን ወለሉ ላይ ሳይው፦ አልጋ 1.50 በ2 ሜትር፣ ከጎኑ መውረጃ 60 ሳንቲም፣ ቁም ሳጥን ጥልቀቱ 60፣ መተላለፊያ 90። ለረከቦቱም 1.20 በ1.20 ተዪ፤ እንግዳ ሲመጣ ቡናው ኮሪደር ላይ እንዳይፈላ።

ከፍታውንም ከባዶው ወለል እስከ ስላቡ (የላይኛው ኮንክሪት) ለኪ። 2.80 ሜትር ከሆነ ወለሉና ሴራሚኩ 6 ሳንቲም፣ የጂፕሰሙ ኮርኒስ 12 ይወስዳሉ፤ 2.62 ቀረልሽ። ከዚህ ካነሰ ጂፕሰሙን ዳር ዳሩን ብቻ አሠሪው። ከላይኛው ፎቅ ሽንት ቤት ሥር ያለ ጂፕሰም ደግሞ መፈተሻ በር ይኑረው፤ አለበለዚያ ፍሳሹ የሚታወቀው ኮርኒሱ ሲወርድ ነው።

መልስ፦ ቪላውን የሚያህል የለም፣ ግን ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ሳይታወቅ አይነካም። ድንጋይ ከሆነ ሸክም ተሸካሚ ነው፤ ኩሽናና ሳሎን የማቀላቀሉ ሐሳብ እዚያው ይቀራል። ጣውላ ወለል ካለው አስልጠሽ ቫርኒሽ አስቀቢው፤ እሱን በሴራሚክ መሸፈን ግፍ ነው። ከተቻለ ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ እዪው። ከወለሉ ከፍ ብሎ ቀለሙ ካበጠ ወይም ነጭ ጨው ካወጣ እርጥበት አለ። አንድ ግድግዳ ብቻ አዲስ ስቱኮ ከተቀባ ለምን ብለሽ ጠይቂ። ቦታው በልማት ፕላን ውስጥ መሆን አለመሆኑንም ከክፍለ ከተማው ሳታጣሪ ብር አታፍስሺበት።

መልስ፦ ስለ ወለል ልጨምር። መኝታ ቤት ላሚኔት ፓርኬ ይሻላል፤ በክረምት ሴራሚክ እግር ያቀዘቅዛል። ጣውላዎቹ ከመነጠፋቸው በፊት ክፍሉ ውስጥ 48 ሰዓት ይቆዩ፣ በግድግዳው ዙሪያ 1 ሳንቲም ክፍተት ይተው፤ ዞኮሎው (የግድግዳው ግርጌ ጠርዝ) ይሸፍነዋል። ክፍተት ከሌለው መሐሉ ላይ ያብጣል። ኩሽናና ሽንት ቤት ግን ፓርኬ አይገባም። ሴራሚክ ስትገዢ 10 በመቶ ጨምረሽ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው የቀለም ቁጥር አንድ መሆኑን አይተሽ ውሰጂ። የመጋረጃና የትራስ ሸማ ከሆነ ሽሮ ሜዳ ሂጂ።

መልስ፦ ሮቶ በረንዳ ላይ የሚያስቀምጡ አሉ። 1000 ሊትር ውኃ 1 ቶን ነው፤ በረንዳው ለዚያ አልተሠራም።