ስለት ተስላችሁ የተሰደዳችሁ የድሬና የሐረር ልጆች፣ አንድ ጥያቄ አለኝ

እንዴት ናችሁ የአገር ልጆች!

ለማታውቁኝ፣ የከዚራ ልጅ ነኝ፤ ጀርመን ነገረ መለኮት እማራለሁ። ጥናቴ በእምነት፣ በስደትና በማንነት ላይ ነው። ለታኅሣሥ ገብርኤል ብዬ ሰሞኑን ድሬ ነው ያለሁት።

ክፍል ውስጥ ስደት በተነሳ ቁጥር የሚነበበው የባቢሎን ወንዞች መዝሙር ነው፤ ዳር ተቀምጦ ማልቀስ። የኛን ሰው ግን እዚያ ውስጥ አላገኘሁትም። የድሬ ልጅ ገና ቪዛ ሳይመታለት ለቁልቢ ገብርኤል ተስሎ ነው የሚወጣው፤ ስደቱ የሚጀምረው በዕዳ ነው። ለእኔ የኛ ታሪክ ዘፍጥረት 28 ላይ ነው። ያዕቆብ ከወንድሙ ሸሽቶ ሲሄድ ቤቴል ላይ ተሳለ፦ የምበላው እንጀራ፣ የምለብሰው ልብስ ከሰጠኸኝ፣ ወደ አባቴ ቤትም በደህና ከመለስከኝ ብሎ። ዲቪ ሞልቶ ከሚሳለው በምን ይለያል?

ጣጣው መመለሱ ላይ ነው። እንጀራውም ልብሱም ይገኛል። ጥገኝነት ያገኘ ሰው ግን ሰማያዊዋ የስደተኛ ፓስፖርቱ ከትውልድ አገሩ በቀር ለሁሉም አገር ናት። ቁልቢ ደርሶ ቢመለስ «ታዲያ ምን ፈርተህ ነበር?» ተብሎ ወረቀቱን ሊነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ስለቱን በሰው ይልካል።

የእናቴ ሳሎን ጥግ ላይ ዘርፋቸው በላስቲክ የተጠቀለለ የስለት ጃንጥላዎች ቆመዋል። እጀታቸው ላይ በፕላስተር የተለጠፈው የክርስትና ስምና የከተማ ስም ብቻ ነው፤ «ወለተ ማርያም፣ ፍራንክፈርት» ዓይነት። አንደኛው ላይ የክርስትና ስም የለም፤ የሙስሊም ጎረቤታችን ነው፣ ልጃቸው ጅዳ በሰላም ገብታላቸው። ይሄን ለፕሮፌሰሬ ማስረዳት ነው ያቃተኝ አቦ!

እናንተስ? በሰው የላካችሁት ስለት ልባችሁን አሳርፎታል?

*

ከቶሮንቶ፦
ወንድሜ፣ የኔን እናቴ ናት ያስገባችልኝ፤ ያኔ የጥገኝነት ኬዜ ገና አልተወሰነም ነበር። በቪዲዮ ላሳይሽ ብላ ደውላ ደንገጎን ሳይወጡ ኔትወርኩ ጠፋ። አሁን ዜግነት ይዣለሁ፣ ግን ዛሬም ይከነክነኛል። የንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው «ገብቷል፤ ብትሄጂስ ምን ይጎዳሻል?» አሉኝ።

*

እህቴ፣ ይቺን ለጥናቴ ልውሰዳት? ያንቺም የአባም ስም አይጠቀስም። ሌሎቻችሁም መጻፍ ከሰለቻችሁ በድምፅ ላኩልኝ። የምሰማው ግን ከታኅሣሥ 19 በኋላ ነው፤ ነገ ጃንጥላዎቹን ጭነን እንወጣለን።