ለጥምቀት «ቦምብ» አይስክሬም ልሠራ ተነሥቼ ሁለቴ ከሸፈብኝ፤ የሚያውቅ ይርዳኝ

የማራኪው ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እህቴ ጀርመን ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ለጥምቀት ባሏን ይዛ ትመጣለች። አምና የገና ማታ ፎቶ ልካልኝ ነበር። ጠረጴዛው መሀል እንደ ጉልላት የተደፋ አይስክሬም አለ፤ ሲቆረጥ ውስጡ ሦስት ቀለም ነው። ቦምብ ይባላል አለችኝ። ስሙን ያወጡለት ፈረንሳዮች ናቸው፣ የድሮውን ክብ የመድፍ ጥይት ስለሚመስል። እናቴ ስትሰማ «እዚህ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይጠራም» አለች። እውነቷን ነው። እኔም ሚኒባስ ውስጥ ስልክ ይዤ «ቦምቡ አልጠነከረልኝም» ስል ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ነው የነቃሁት። ስለዚህ እኛ ቤት ስሙ «ጉልላቱ» ሆኗል። የፋሲል ግንብን የማዕዘን ማማዎች ላያቸው ደግሞ አልተሳሳትኩም።

ፈረንጆቹ በክረምታቸው ነው የሚበሉት፣ ውጭው በረዶ ሆኖ። እኛ ጋ ጥር በጋ ነው። ሌሊቱ ጋቢ ያስደርባል፤ ቀን ላይ ግን ፋሲለደስ መዋኛ አጥር ሥር ቆሞ ታቦት የጠበቀ ሰው ፀሐዩን ያውቀዋል። ጥር 12፣ ለቃና ዘገሊላ፣ ቤታችን ሃያ ሰው ይመጣል። ያን ቀን ላወጣው ነው ሐሳቤ።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ ወተት፣ ስኳርና የወተት ዱቄት። አንዱን ነጭ፣ አንዱን በቡና፣ አንዱን በእንጆሪ ጭማቂ ቀላቅዬ በአንድ ማታ አከታትዬ የእናቴ ጎድጓዳ የኢናሜል ሳህን ውስጥ ገለበጥኩት። ጠዋት ሳየው ሦስቱም ቀለም ተዋህዶ ግራጫ ሆኗል። ድንጋይ ነው። ቢላው ጎበጠ።

ሁለተኛው፦ ቪዲዮ አይቼ በእንቁላል አስኳልና በፈላ የስኳር ሽሮፕ ሞከርኩ። ሽሮፑን 118 ዲግሪ አድርሱ ይላል። ቴርሞሜትር ተውሼ ልክ 118 ሲል አፈሰስኩት። ግማሹ ሳህኑ ግድግዳ ላይ ክር ሆኖ ተጣበቀ፣ ግማሹ አስኳሉ ውስጥ እንደ ጠጠር ከረሜላ ቁጭ አለ። ምን አጠፋሁ?

ሌላው ችግር ጾም ላይ መሆናችን ነው። የነቢያት ጾም እስኪፈታ እንቁላልና ወተት አልቀምስም። ቀማሼ የጎረቤታችን የ12 ዓመት ልጅ ነው፤ ሙስሊም ስለሆነ ጾሙ አይመለከተውም። እሱ ደግሞ ሁሉንም «አሪፍ ነው» ይላል። በሱ ምስክርነት የትም አልደርስም።

መብራት ቢጠፋስ? እሱን ሳስበው እንቅልፍ አይወስደኝም።

ያለፈበት፦
ወንድሜ ኬክ ቤት ሄደህ እዘዝ። ለሃያ ሰው ይሄ ሁሉ ጣጣ።

የማራኪው ልጅ፦
እህቴ የተገዛና የተሠራ ታውቃለች። ደግሞ አሁን እልህ ይዞኛል።

ኬክ ጋጋሪው፦
ሆቴል ውስጥ 11 ዓመት ኬክ ሠርቻለሁ፣ አብዛኛውን እዚሁ ጎንደር። 118ን እርሳው። ያ ቁጥር ባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ውሃ እዚህ 100 አይጠብቅም፤ 93 አካባቢ ሲደርስ ይንተከተካል። ሽሮፑም እንደዚያው 7 ዲግሪ ያህል ቀድሞ ይደርሳል። የነሱ 118 ለኛ 111 ነው። አንተ 118 ስትጠብቅ ውሃው ተንኖ ከረሜላ ሠርተሃል። እኔም ሥራ ስጀምር መጽሐፉን አምኜ ስንት እንቁላል እንደጣልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አለቃዬ የእንቁላሉን ሒሳብ ከደመወዜ ቆርጦታል።

ቴርሞሜትር ባይኖርህም ግድ የለም። አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ አጠገብህ አስቀምጥ። ከሽሮፑ በማንኪያ ጫፍ ጠብ አድርግበትና በጣትህ ሰብስበው። ለስላሳ ኳስ ሆኖ ስትጫነው ጠፍጠፍ ካለ ደርሷል። ውሃው ውስጥ ከተበተነ ገና ነው። ጠጠር ከሆነ አልፏል፤ ትንሽ ውሃ ጨምረህ እንደገና አፍላው፣ አትጣለው።

ለ2 ሊትር ሳህን መካከለኛው ክፍል ይኸውልህ፦ 4 አስኳል፣ 100 ግራም ስኳር፣ 40 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 250 ሚሊ ሊትር ክሬም። አስኳሉን እስኪነጣ ምታ። ሽሮፑን መምቻው ላይ እንዳታፈስ፤ መምቻው ወደ ግድግዳው ይረጨውና እዚያው ይደርቃል። ያንተ ክር የመጣው ከዚያም ጭምር ነው። በመምቻውና በግድግዳው መሀል ባለው ክፍተት አቅጥነህ አውርደው፣ መምታቱን ሳታቆም። ከዚያ ሳህኑን ከታች በእጅህ ስትነካው ቀዝቃዛ እስኪሆን ምታ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። አስኳሉ ሞቅ እንዳለ የተመታውን ክሬም ከጨመርክበት ክሬሙ ይቀልጥና የደከምክበት አየር ሁሉ ይወጣል።

ያ አየር ነው ዋናው ነገር። ወተትና ስኳር ብቻ ድንጋይ የሚሆነው ውሃው ስለሚበዛ ነው። የአይስክሬም ማሽን ዝም ብሎ ሳይሆን እያማሰለ ነው የሚያቀዘቅዘው፣ አየሩም የሚገባው ያኔ ነው። ማሽን የሌለው ሰው አየሩን በመምታት ቀድሞ ያስገባል። ስቡ ይይዘዋል። ለዚህ 30 ከመቶ በላይ ስብ ያለው ክሬም ያስፈልግሃል። ካጣህ የዱቄቱ ክሬም ይሠራል፤ ግን ራሱ ጣፋጭ ስለሆነ ስኳርህን ቀንስ። የእርጎ ስልባቦት እንዳታስብ፣ ይኮመጥጣል።

ቀለሙ የተደባለቀብህ ስላልጠበቅክ ነው። ባዶውን ሳህን መጀመሪያ ፍሪዘር ውስጥ አስገባ፣ ስስ ፕላስቲክ ከውስጥ አንጥፈህ። የውጭውን አይስክሬም ለስለስ ሲል በማንኪያ ጀርባ ግድግዳው ላይ ለጥፈው፣ አንድ ጣት ውፍረት ይኑረው። ሁለት ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ አጠንክረው። ቀጣዩ፣ እንደገና ሁለት ሰዓት። መሀሉ ላይ የአስኳሉን ሙላና አንድ ሌሊት ተወው። ማለትም ቢያንስ የሁለት ቀን ሥራ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሽሮፑ አስኳሉን ያሞቀዋል እንጂ በደንብ አበሰለው አልልም። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ወይም አዛውንት ካለ አስኳሉንና ሽሮፑን የፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ እየመታህ 71 ዲግሪ ከዘለለ በኋላ አውርደው።

የማራኪው ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። 93 ዲግሪ! ምስር ለምን እንደሚያስቸግረን አሁን ገባኝ። አክስቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ስለዚህ እንፋሎቱን እይዘዋለሁ።

የቀሃዋ እናት፦
የኔ ልጅ፣ ምን አስቸኮለህ? ጾሙ ታኅሣሥ 28 ያልቃል። ከገና ጀምሮ እስከ ጥር 9 ረቡዕና ዓርብን ዘለህ እየቀመስክ መሥራት ትችላለህ። ጥር 10 ገሃድ ነው፣ እሱን ተወው። ጾም ላይ ሆነህ በሕፃን ምላስ ታለማምዳለህ እንዴ?

እኔ ልጆቼ ያመጡልኝን ፍሪዘር ካገኘሁ ወዲህ ብዙ ሞክሬያለሁ። ጠጅ ጨምሬበት አውቃለሁ። ጠጅ አይረጋም። አልኮል እንዲህ ባለ ብርድ አይጠነክርም፤ ሦስት ቀን አስቀምጬ ሳወጣው የቀጠነ ገንፎ ነው የመሰለው። ማርም እንዲሁ ያለሰልሳል። ስኳሩን በሙሉ በማር ብትቀይር ስትደፋው ይፈርስብሃል። ከአራት እጅ አንዱን ብቻ ማር አድርገው፣ ሽታው ይበቃል።

የምነግርህ ሰሊጥ ነው። ፈረንጅ በየቤቱ የሌለው እኛ ጋ ያለ ነገር። የመተማ ሰሊጥ አራዳ ገበያ ሞልቷል። 100 ግራም ስኳር ያለ ውሃ በደረቅ መጥበሻ አቅልጠው፣ ቡናማ ሲሆን በቅድሚያ የቆላኸውን 100 ግራም ሰሊጥ ጣልበት፣ ዘይት የተቀባ ትሪ ላይ ገልብጠህ ሲደርቅ በሙቀጫ ሸርክተው። አታልመው፣ ጥርስ ላይ ኮሽ ማለት አለበት። እርጥበት ይስባልና ያስቀመጥከውን ዕቃ ክደን። ግማሹን ወደ ፍሪዘር ሲገባ መሀሉ ላይ፣ ግማሹን ስታቀርብ ከላይ። ስኳሩ ሲቀልጥ ልጅ አጠገብህ አይኑር፣ ከዘይት የከፋ ያቃጥላል።

ዳቦ ቆሎ ግን አትክተት። አንዴ ከትቼ የሰው ጥርስ ሊሰበር ነበር።

የማራኪው ልጅ፦
እማዬ፣ የጾሙን ነገር እኔ ያላሰብኩት ያሳፍራል። ሰሊጡን ነገ እገዛለሁ።

ባለ ዲፕፍሪዘሩ፦
አዘዞ ሱቅ አለኝ፣ ለስላሳና ሥጋ እይዛለሁ። የመብራቱን ለኔ ተወው። የሞላ ፍሪዘር ካልተከፈተ እስከ 48 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። ግማሽ ከሆነ 24። ስለዚህ ባዶውን ቦታ የውሃ ሃይላንድ እየሞላህ አድርቅበት፤ ውሃ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ እስከ አፉ አትሙላ። በላይ የሚከፈተው ዲፕ ፍሪዘር ይሻላል፣ ክዳኑን ብታነሣም ቀዝቃዛው አየር ከታች ይቀራል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የሰው ልጅ ጠባዩ ነው፣ «ቀለጠ ወይ?» ብሎ በየሰዓቱ ይከፍታል። አትክፈት። ቁልፉን ለእናትህ ስጥ።

በጣም ከጨነቀህ በረዶና ጨው። ሦስት እጅ የተሰበረ በረዶ፣ አንድ እጅ ጨው። ጨዉ በረዶውን ሲያቀልጠው ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ከ10 ዲግሪ ያልፋል። ፍሪጅ ሳይኖር እነዚያ ፈረንሳዮችም በዚሁ ነበር የሚሠሩት፤ ክዳኑን ዙሪያውን በቅቤ ደፍነው በረዶና ጨው ውስጥ ይቀብሩት ነበር። ቅቤው ጨዋማ ውሃ እንዳይገባ ነው። አንተ በወፍራም ፌስታል ሁለት ጊዜ ጠቅልለው። እንቁላልና ክሬም ስለሆነ፣ ቀልጦ ሞቆ ካገኘኸው ግን መልሰህ አታድርቀው። ይጣል።

ኬክ ጋጋሪው፦
የጨዉ ነገር ትክክል ነው። ስታወጣው ደግሞ ሳህኑን ፈላ ውሃ ውስጥ እንዳትነክር። ለብ ያለ ውሃ፣ እስከ አሥር ቁጠር፣ ሳህን ክደንበት ገልብጥ። ፕላስቲኩን ሳብ ስታደርገው ይወጣል። ከዚያ መልሰህ ለሩብ ሰዓት ፍሪዘር ክተተው፣ ላዩ ይጥበቅ። ቢላውን በሙቅ ውሃ እየነከርክና እየጠረግክ ቁረጥ።

የማራኪው ልጅ (ጥር 13)፦
ጠይቆ መጥፋት ነውር ስለሆነ ተመልሻለሁ።

ከገና ማግስት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ሠራሁ። ሽሮፑን በብርጭቆ ውሃ ነው የለካሁት። ሦስተኛው ላይ ጣቴ ለመደው፤ ኳሱ እንደ ላመ ማስቲካ ሲል አወጣሁት። ውጩ የቡና፣ ቀጥሎ ቫኒላ፣ መሀሉ ማርና ሰሊጥ። እንጆሪውን ተውኩት፣ ከቡና ጋር አልተስማማኝም።

ጥር 9 ማታ ጨርሼ ከተትኩት። ጥር 10 ከሰዓት፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ እኔም ወረድኩ። ማታ ስመለስ ሠፈሩ ጨለማ ነው። መብራቱ መቼ እንደጠፋ የሚያውቅ የለም። ቁልፉን እውነትም ለእናቴ ሰጥቻት ነበር። ለመንኳት። «ነገ ጥምቀት ነው፣ ተኛ» አለችኝና በቀሚሷ ኪስ ይዛው ተኛች። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። ስንከፍተው ከጫፍ ያለችው ሃይላንድ ብቻ ናት ትንሽ ያላበችው።

ጥር 12 ሚካኤልን ሸኝተን ከምሳ በኋላ አወጣሁት። እስከ አሥር ቁጠር የተባልኩትን ደንግጬ እስከ ሃያ ቆጠርኩ መሰለኝ፤ አንድ ጎኑ ዘመም አለ። በሰሊጥ ሸፈንኩት። እህቴ ሳታየው ቆሜ በጋቢ ከልዬ ነው ያስገባሁት። ጋቢውን ሳነሣው መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት። እህቴ ዝም ብላ ፎቶ አነሣች፤ በኋላ ግን ወጥ ቤት ገብታ ስታለቅስ አገኘኋት፣ «ጭስ ነው» አለችኝ። ጭስ አልነበረም። ባሏ ሦስት ጊዜ ደገመ፤ ሰሊጡ ምን እንደሆነ ጠይቆ ስንነግረው ግማሽ ኪሎ ይዞ ሊሄድ ነው።

እማዬ የቀሃዋ፣ ሙቀጫው ላይ ትንሽ አብዝቼ ስለወቀጥኩት ኮሽታው ከጠበቅኩት አነሰ። ጋሼ፣ ሁለተኛው ሽፋን ከሁለት ሰዓት በላይ ፈለገብኝ፣ ምናልባት ፍሪዘሩ ስለሞላ ይሆን?

ቀማሼ ልጅም ተጠርቶ ነበር። ሙሉ ሳህን በላና «ያኛው ይሻላል» አለኝ። የትኛው ስለው፣ ከረሜላ የሆነው።