በቤተ ክርስቲያን የተጎዳ ሰው ዝም ይበል ወይስ አደባባይ ይውጣ? (ክርክር)

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። አንዲት እህታችን የጻፈችውን ባጭሩ ላቅርብ። በአንድ አጥቢያ ለዓመታት ኳየር ውስጥ አገልግላለች። በአባላት ስብሰባ ላይ ለሕንፃ የተዋጣው ገንዘብ የት እንደደረሰ ጠየቀች። ወዲያው "ለጊዜው ከአገልግሎት እረፊ" ተባለች። ሽማግሌዎቹን ስታነጋግር "እንጸልይበት" አሏት። ከዚያ ወዲህ ደውሎ እንዴት ነሽ ያላት የለም። አሁን ታሪኩን በቪዲዮ ቀድታዋለች፤ ቲክቶክ ላይ ልልቀቀው ወይ ነው ጥያቄዋ። ሐሳባችሁን ስጡ። የአጥቢያውን ስም የሚጠራ አስተያየት አጠፋለሁ።

የድሮ ሽማግሌ፦ አትልቀቂው ልጄ። እኔም በሽምግልና ያገለገልኩ ሰው ነኝ። ማቴዎስ 18 ቁጥር 15 "አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው" ይላል። ቪዲዮ አንዴ ከወጣ አይመለስም። ገንዘቡን ያልነካው ሽማግሌም፣ የፓስተሩ ልጆችም፣ ትናንት ጌታን የተቀበለው ልጅም አብረው ይመታሉ። ጉዳቱ ጥፋተኛው ላይ ብቻ አያርፍም።

የኳየር ልጅ፦ ጋሼ፣ በአክብሮት ነው የምለው፤ ይህን ክፍል ስታነቡልን ሁሌ ቁጥር 15 ላይ ነው የምታቆሙት። ቁጥር 16 ምስክር ይዘህ ሂድ ይላል። ቁጥር 17 "ለቤተ ክርስቲያን ንገራት" ይላል። ለሽማግሌዎች ብቻ ንገር አይልም። እሷ የጠየቀችው አባላት በተሰበሰቡበት ነው። ቃሉ ያዘዘውን ስላደረገች ነው የተቀጣችው።

የድሮ ሽማግሌ፦ እሺ ይሁን። ግን ቤተ ክርስቲያን ማለት ቲክቶክ ማለት አይደለም።

የኳየር ልጅ፦ እሱስ ልክ ነዎት። በሩ ሲዘጋባት የት ትሂድ ታዲያ?

የጸሎት ሴት፦ ተንበርክካ ታልቅስ። "የቀባኋቸውን አትዳስሱ" ተብሏል። ዳዊት ሳኦልን በእጁ ሲያገኘው አልነካውም። በአገልጋይ ላይ አፋቸውን የከፈቱ ሰዎች መጨረሻቸው ምን እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ።

የሥነ መለኮት ተማሪ፦ እትዬ፣ ሁለቱንም ክፍሎች አብረን እንያቸው። "የቀባኋቸውን አትዳስሱ" መዝሙር 105 ላይ ነው ያለው። ከፍ ብላችሁ አንብቡት። የተቀቡት የተባሉት አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ ናቸው። ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ርስት የላቸውም፤ ከአገር አገር ይንከራተታሉ። "አትዳስሱ" የተባሉትስ? ነገሥታት! ቁጥር 14 "ስለ እነርሱም ነገሥታትን ገሠጸ" ይላል። ጉልበተኛው ደካማውን እንዳይነካ የተነገረ ቃል ነው። እኛ ገልብጠን ደካማው ጉልበተኛውን እንዳይጠይቅ አደረግነው።

ዳዊትን በተመለከተ፣ አዎ ሳኦልን አልገደለውም። ግን ዝም አላለም። 1ኛ ሳሙኤል 24 ላይ ሳኦል 3000 የተመረጡ ሰዎች ይዞ ነው የመጣው። ዳዊት ከዋሻው ወጥቶ ጮኸ። የቆረጠውን የልብስ ዘርፍ በእጁ ይዞ ምን በደልኩህ አለው። ማስረጃ ይዞ ነው የተናገረው። አልተሳደበም፤ "ጌታዬ ንጉሥ ሆይ" ነው ያለው። ደግሞ ብዙ ጊዜ የማይሰበክ ነገር አለ። ሳኦል አለቀሰ፣ ጥፋቱን አመነ። ዳዊት ግን ተከትሎት ቤተ መንግሥት አልገባም። ወደ አምባው ወጣ። ያ ሰው ጦር ወርውሮበት ያውቃላ! ይቅር ብሎታል፤ ግን ጦሩ ከሚደርስበት ራቅ ብሎ ነው ይቅር ያለው። በየቸርቹ ለተጎዳ ሰው ወዲያው የሚነገረው "ይቅር ካልሽ ለምን አትመለሺም?" የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ዳዊትን የጠየቀው የለም።

የጸሎት ሴት፦ ንባቡን አልክድም። የዘመኑ ሰው ግን ዳዊት አይደለም። ላይክ ፍለጋ ነው የሚናገረው።

ከዱባይ፦ እኔ የሰው ቤት ነው የምሠራው። ለሕንፃ ሲባል ከደሞዜ ልኬያለሁ፤ ብዙዎቻችን ልከናል። የት ደረሰ ብሎ መጠየቅ እንዴት ኃጢአት ይሆናል?

የሰበካ ጉባኤ አባል፦ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ጣልቃ ልግባ። እኛ ጋ ቃለ ዓዋዲ የሚባል ደንብ ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በሰበካ ጉባኤው ካህናትም፣ ምእመናንም፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም ይወከላሉ። ደንቡ ስላለ ሁሉ ነገር ጸዳ ማለቴ አይደለም፤ እኛም ጋ የሚያሳፍር ነገር ሞልቷል። ቢያንስ ግን "በየትኛው አንቀጽ?" ብለህ መጠየቅ ትችላለህ። እህቴ፣ የእናንተ አጥቢያ መተዳደሪያ ደንብ አለው? ካለው በእጅሽ ያዥው። ከአገልግሎት ያገዱሽ በቃል ነው ወይስ በደብዳቤ? በቃል ከሆነ በጽሑፍ ስጡኝ በያቸው። ጥያቄሽንም "በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ" በይ። ቃለ ጉባኤ የሚፈራ ሰው ብዙ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ አሜሪካም ያው ነው። ሌላው በጎ አድራጎት ድርጅት በየዓመቱ ለአይአርኤስ (ለአገሪቱ የግብር መሥሪያ ቤት) የሚያቀርበውን ሪፖርት ቤተ ክርስቲያን የማቅረብ ግዴታ የለባትም። ስለዚህ አባሉ ካልጠየቀ ማን ይጠይቃል? ፍርድ ቤትም በእምነት ጉዳይ እጁን አያስገባም። ክስ የጀመሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ የጠበቃው ክፍያ ሕንፃ ይሠራ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። በ1984 ዓ.ም. የጀመረው የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የሲኖዶስ መለያየት እዚህ ቤተሰብ ከፋፍሎ ነበር። የአገር ቤት፣ የስደተኛው፣ ገለልተኛው እየተባለ እህትና ወንድም ለየብቻ ያስቀድስ ነበር። ልጅ ክርስትና ሲነሣ የማይመጣ ዘመድ ነበር። ዕርቁ እዚሁ ዲሲ ሐምሌ 2010 ሲወርድ በስደት የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ መርቆርዮስ በዚያው ወር አገራቸው ገቡ። አባቶች ታረቁ፤ ጥሩ። በመሃል ለዓመታት የተጎዳውን ምእመን ግን ቤቱ ሄዶ ይቅርታ የጠየቀው ማን ነው? እህታችን ላይ የማየው ይህንኑ ነው። ገንዘቡ ነገ ተቆጥሮ ሙሉ ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ ደውሎ እንዴት ነሽ ያላት የለም።

የኳየር ልጅ፦ ይሄ ነው የሚያመው። ከቸርች ስትወጣ የሚቀርብህ ስብከት ብቻ አይደለም። ጓደኛህ፣ ሚዜህ፣ ለቅሶ የሚደርስህ ሰው፣ ሁሉም እዚያ ነው። ኳየሩን ለቀቅ ስታደርግ ከቴሌግራም ግሩፑም ያወጡሃል። እሁድ ጠዋት ምን እንደምትሠራ ይጠፋሃል።

የድሮ ሽማግሌ፦ በዚህስ አልከራከርም። ሐዋርያት ሥራ 6 ላይ ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ አይሁድ መበለቶቻችን በዕለቱ አገልግሎት ችላ ተባሉብን ሲሉ ሐዋርያት "አጉረምራሚዎች" ብለው አላባረሯቸውም። ሰባት ሰዎች አስመረጡ። የተመረጡትን ስም እዩ፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ሁሉም የግሪክ ስም ነው። ቅሬታ ያቀረበው ወገን ነው ማዕዱን እንዲያስተዳድር የተደረገው። እኔ በነበርኩበት ዘመን እንዲህ ሲደረግ አላየሁም፤ እሱን አምናለሁ። ቪዲዮውን ግን አሁንም እቃወማለሁ።

ጠያቂዋ እህት፦ ሁላችሁንም አንብቤያለሁ። አሁን ሌላ አጥቢያ እየሄድኩ ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ። መዘመር ግን አልቻልኩም፤ ድምፄ ይያዛል። ደንቡን አግኝቻለሁ፤ የሒሳብ ሪፖርት በየዓመቱ ለአባላት ይቀርባል ይላል። ጥያቄዬን በደብዳቤ ላስገባ ነው። ቪዲዮውን አላጠፋሁትም።

የድሮ ሽማግሌ፦ ብቻሽን አትሂጂ። ምስክር ካስፈለገሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ እኔ አብሬሽ እገባለሁ።

የኳየር ልጅ፦ ደብዳቤው ላይ ቀን ቁረጪላቸው። አለበለዚያ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው። ኮፒውንም ፈርመው ይቀበሉሽ።

የጸሎት ሴት፦ እኔ አሁንም ስለ አገልጋዮች በአደባባይ መወራቱን አልደግፍም። ደብዳቤው ግን ጥሩ ነው። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ምሳ እኔ ጋ ነሽ፤ አድራሻ በውስጥ እልክልሻለሁ።