ጥቆማ፦ ለደጋ ጎልፍ ሃይብሪድ ወይስ ረዥም አይረን?

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የሰፈራችን ልጅ መንገድ ላይ አስቆመኝ። «ጋሼ፣ ሦስት ቁጥር አይረን በርካሽ አግኝቻለሁ። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?» አለኝ። አዲስ አበባ የጎልፍ ካዲ፣ ማለትም የተጫዋች ዱላ ተሸካሚ ሆኖ የሠራ ልጅ ነው። አሁን ደብረ ብርሃን ተመልሶ እንደኛው ግጦሽ ሜዳ ላይ ይለማመዳል። «ይቅርብህ። ብርህን ያዝና አራት ቁጥር ሃይብሪድ ፈልግ» አልኩት። ብርዱ አላስቆም ብሎን ምክንያቱን ሳልነግረው ተለያየን። ከሱ በኋላ ሌሎችም ይህንኑ ጠየቁኝ። ስለዚህ የማውቀውን እዚህ ላስቀምጠው።

ለጨዋታው አዲስ ለሆነ ሰው በአጭሩ፦ አይረን ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነ ቀጭን የብረት ዱላ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘንጉ ይረዝማል፣ ፊቱም ቀጥ እያለ ይሄዳል። ሁለት፣ ሦስትና አራት ቁጥሮቹ ረዥም አይረን ይባላሉ። ሃይብሪድ ደግሞ በአይረንና ድሮ ከእንጨት ይሠራ በነበረው ትልቅ ዱላ መካከል ያለ ነው። ራሱ ከኋላ ወፈር ይላል፣ ውስጡ ባዶ ነው፣ ሶሉም ሰፊ ነው። ክብደቱ ወደ ታችና ወደ ኋላ የተጣለ ነው።

ይህ የክብደት ነገር ምን እንደሚጠቅም የገና ጨዋታ የተጫወተ ሰው ያውቀዋል። ልጆች ሳለን ዱላ ልንቆርጥ ስንወጣ ቀጭን ቆልማማ አንመርጥም ነበር። ጉብጠቱ ላይ ወፈር፣ ከበድ ያለውን ነበር የምንፈልገው። እሱ ሩሯን ከሥር ገብቶ ያነሳታል። ቀጭኑ አናቷን ይመታና መሬት ለመሬት ይነዳታል። ሦስት ቁጥር አይረን ቀጭኑ ዱላ ነው። በትክክል ከተመታ ደስ ይላል። ትንሽ ከሳቱት ግን ኳሱ ይንከባለላል፣ እጅም ይነዝራል።

አሁን ዋናው ነገር። እኛ የምንጫወተው የት ነው? ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። የጎልፍ ኳስ ሲመታ ወደ ኋላ ይሾራል። ይህ ሽክርክሪት ነው አየሩን ተደግፎ ኳሱን የሚያነሳው። አየሩ ሲሳሳ ድጋፉም ይቀንሳል። ኳሱን የሚጎትተው አየርም አብሮ ስለሚቀንስ ምቱ በባሕር ዳርቻ ከሚመታው በግምት 10 በመቶ ይርቃል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚህ ርቀት ነው። ዝቅ ብሎ ስለ መሄዱ ግን ብዙ ሰው አያስብም። ፊቱ 20 ወይም 21 ዲግሪ ብቻ ወደ ኋላ በተጋደመ አይረን የተመታ ኳስ እዚህ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሲያርፍም አይቆምም። ግሪኑ ላይ፣ ማለትም ጉድጓዱ ያለበት የተስተካከለ ሳር ላይ ወድቆ ወዲያ ማዶ ይወርዳል።

ሃይብሪድ ይህን ያስተካክላል። ክብደቱ ዝቅ ስላለ ኳሱን ከመነሻው ከፍ አድርጎ ይልከዋል፤ ከፍታውን ለማግኘት አየሩን ያን ያህል አይጠብቅም። ስለዚህ በየመጽሔቱ «ረዥም አይረኑን በሃይብሪድ ቀይሩ» ተብሎ ለቆላ ተጫዋች የሚሰጠው ምክር ለእኛ ለደገኞቹ የበለጠ ይሠራል። እኔ ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ዓመታት ሙሉ ጥፋቱ የእጄ ይመስለኝ ነበር።

ሌላው ውርጭ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ማለዳ ተነስቶ ሜዳ የወጣ ያውቀዋል፤ ሳሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። በዚያ ሰዓት በብረት ዘንግ፣ በቀጭን አይረን ኳስ ጫፉ ላይ ከመታህ ሕመሙ እስከ ክርን ይዘልቃል። አብዛኛው ሃይብሪድ የግራፋይት ዘንግ ስላለው ንዝረቱን ይቀንሰዋል። ኳሱም ራሱ ሲቀዘቅዝ ርቀቱ ያንሳል። ስለዚህ ኳሶቻችሁን መኪና ውስጥ አታሳድሯቸው፤ ቤት አግቧቸው። በጨዋታ መሃል ሆን ብሎ ኳስ ማሞቅ ግን በሕጉ የተከለከለ ነው።

ጥልቅ ሳር ላይም ልዩነቱ ይታያል። ክረምቱ ሲወጣ ሜዳችን ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ረዥም ሳር የአይረንን አንገት ጠምጥሞ ይይዝና ፊቱን ወደ ግራ ያዞረዋል። የሃይብሪድ ሰፊ ሶል ሳሩን እያስተኛ ያልፋል። ደረቅና የተሰነጣጠቀ መረሬ ላይ ግን ሁለቱንም አልመክርም። እዚያ ሰባት ቁጥር አውጥታችሁ ወደ ሜዳው መሃል ተመለሱ።

«ንፋስ ላይስ?» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። የደብረ ብርሃን ንፋስ የሚታማ አይደለም። ዝቅ ያለ ኳስ ለመምታት ረዥም አይረን ይሻላል ሲሉ እውነት አላቸው። ቢሆንም ሃይብሪድም ዝቅ ብሎ ይመታል። ኳሱን ትንሽ ወደ ኋላ አስቀምጡ፣ እጃችሁን ወደፊት አስቀድሙ፣ ከምቱ በኋላ ዱላውን ደረት ላይ አስቀሩት። በሳምንት ልምምድ ይመጣል። ረዥም አይረንን ከፍ አድርጎ መምታት ግን የእጅ ፍጥነት ይጠይቃል፤ ፍጥነት ደግሞ በሳምንት አይመጣም።

ለመወሰን ቀላል ፈተና አለ። አምስት ቁጥርና አራት ቁጥር አይረን ይዛችሁ ውጡ። በእያንዳንዳቸው አሥር አሥር ኳስ ምቱና የወደቁበትን ቦታ በእርምጃ ለኩ። አራት ቁጥሩ ከአምስት ቁጥሩ የማይርቅ ከሆነ ያ ዱላ ቦርሳችሁ ውስጥ ቦታ ይዟል እንጂ ሥራ የለውም። አሥር ሜትርና ከዚያ በላይ የሚርቅ፣ ከፍ ብሎም የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ባለህበት ቆይ፤ አንተ ፈጣን መቺ ነህ። በአንድ ጨዋታ መያዝ የሚፈቀደው 14 ዱላ ብቻ ስለሆነ የማይሠራውን ማውጣት ግድ ነው።

ሃይብሪድ የጀማሪ ዱላ ነው የሚል ወሬ አለ። ይህ ያናድደኛል። እ.ኤ.አ. በ2004 ቶድ ሃሚልተን ሮያል ትሩን ላይ ከታላላቆቹ የጎልፍ ውድድሮች አንዱ የሆነውን ዘ ኦፕንን ሲያሸንፍ ከግሪን ዳር ኳሱን የሚያንከባልለው በሃይብሪድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ኮሪያዊው ዋይ ኢ ያንግ በሌላው ታላቅ ውድድር፣ በፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕ፣ ሄዘልቲን ላይ ከታይገር ውድስ ጋር በመጨረሻው ቀን ተፋጠጠ። በ18ኛው ጉድጓድ በአንድ ምት ይመራ ነበር። ከ190 ሜትር ገደማ ላይ ሦስት ቁጥር ሃይብሪድ አውጥቶ ኳሱን ባንዲራው አጠገብ አሳረፈው፣ አስገባውም። እስያ ተወልዶ ከታላላቆቹ ውድድሮች አንዱን ያሸነፈ የመጀመሪያው ወንድ ተጫዋች እሱ ነው። የጀማሪ ዱላ እንዲህ አያደርግም።

ወደ ግዢው እንምጣ። ያገለገለ ግዙ። የአዲሱ ዋጋ ለኪሳችን ይከብዳል፣ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ማስያዝም ቀላል ነው። እኔ የምመርጣቸው ሦስት ናቸው። አንደኛ አዳምስ አይዲያ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2012 በቴይለርሜድ ተገዝቷል፣ ዱላዎቹ ግን አሁንም በብዙ ሰው እጅ አሉ። ኳሱን በቀላሉ ያነሳሉ። ሁለተኛ የቴይለርሜድ ሬስኪው። እሱ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ይመታል፣ ንፋስ ለሚያስጨንቀው ሰው ይሆናል። ሦስተኛ የኮብራ ባፍለር። ሶሉ ላይ እንደ ሐዲድ ያሉ ሁለት መስመሮች አሉት፤ ረዥም ሳር ላይ እሱን የሚያህል አላየሁም። ለክረምት ማግስት ሜዳችን የኔ ምርጫ እሱ ነው።

ቁጥሩን አትመኑ፣ ዲግሪውን እዩ። የአንዱ ኩባንያ አራት ቁጥር የሌላው ሦስት ቁጥር ሊሆን ይችላል። 22 ዲግሪ ገደማ የሆነውን ፈልጉ። ሦስትና አራት ቁጥር አይረኑን እሱ ብቻውን ይተካል። በኋላ አቅም ሲገኝ 25 ወይም 26 ዲግሪ ጨምሩና አምስት ቁጥር አይረኑንም አሳርፉት።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የሚያብረቀርቅ ሃይብሪድ ከአንድ ነጋዴ ገዛሁ። በሦስተኛው ቀን ስመታ የዱላው ራስ ከዘንጉ ተነቅሎ ከኳሱ ጋር አብሮ ሄደ። ከፊቴ ከብት የሚጠብቅ ልጅ አለመኖሩ ተመስገን ነው። ሙጫው እንዲሁ የተቀባ ነበር። ስትገዙ በአንድ እጃችሁ ራሱን፣ በሌላው እጀታውን ይዛችሁ ጠምዝዙት። ከተንቀሳቀሰ አትግዙ። ነቅነቅ አድርጉና አዳምጡ፤ ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ካለ ተዉት። ለመለጠፍ ደግሞ ተራ ሱፐር ግሉ አይሆንም፤ ሁለት ቱቦው የሚደባለቀው ኢፖክሲ ነው የሚያዘው። በደብረ ብርሃን ብርድ ሙጫው ቶሎ አይደርቅምና ሞቅ ያለ ቤት ውስጥ ሙሉ ቀን አሳድሩት።

እዚሁ የሚሠራልንን አገልግሎት ደግሞ ላወዳድር። እጀታ ሲያልቅ ሦስት መንገድ ሞክሬያለሁ። ሳይክል ጠጋኝ ጋ የሳይክል እጀታ ላስገባ ብዬ ነበር፤ ቀዳዳው ለዘንጉ ሰፊ ስለሆነ ይዞራል፣ አይሆንም። እዚያው ግን ካመራዳሪ በቀጭኑ ሰንጥቀው ጠመጠሙልኝ። ርካሽ ነው፣ በበጋ በደንብ ይይዛል፣ ዝናብ ሲነካው ይንሸራተታል። ጫማ ሰፊ ደግሞ የበግ ቆዳ ጠፍር ጠምጥሞልኛል። ድሮ የጎልፍ እጀታ ሁሉ ቆዳ ነበር፣ እጅ ላይ ያለው ስሜት ልዩ ነው። በብርድ ጠዋት ከጎማ ይሻላል። ሆኖም ሲጠመጠም እኩል መሆን አለበት፤ ለጣት ተብሎ ጎድጎድ ያለ እጀታ በሕጉ አይፈቀድም። ኦሪጅናሉን የጎማ ግሪፕ ካገኛችሁ ግን እሱ ይቅደም። ራሳችሁ ትቀይሩታላችሁ። አሮጌውን በምላጭ ቅደዱ፣ ሁለት ፊቱ የሚጣበቀውን ፕላስተር ዘንጉ ላይ ለጥፉ፣ አኳራጅ አፍስሱበትና እያንሸራተታችሁ አስገቡት። አኳራጁን ከእሳት አርቁ።

ብየዳ ቤት አትሂዱ። አንድ ወዳጄ የአይረኑን ፊት ትንሽ ላጋድመው ብሎ በእሳት አስሞቀው፣ አንገቱ ላይ ተሰበረ። ፎርጅድ አይረን በመሣሪያ በቀዝቃዛው ሁለት ዲግሪ ያህል ይታጠፋል። በጎልፍ ቋንቋ ፎርጅድ ማለት ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው፤ እኛ በተለምዶ እንደምንለው ሐሰተኛ ማለት አይደለም። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰው ግን ሊሰበር ይችላል። ሃይብሪድ ደግሞ አንገቱ አጭር ስለሆነ ጭራሽ አይነካም።

ለዱላ ራስ ሽፋን ከፋብሪካው የሌዘር ሽፋን ይልቅ የመንዝ ሱፍ ይበልጥብኛል። ከአሮጌ ባና ቁራጭ ልብስ ሰፊ ጋ አሰፍቼ ሁለት ክረምት አገልግሎኛል። ወፍራም ነው፣ ዱላዎቹ እርስ በርስ አይፋጩም፣ ሲወጣና ሲገባም እጅ ያሞቃል። ሲረጥብ ቶሎ አይደርቅም፤ ጉድለቱ እሱ ብቻ ነው።

ከሸዋ ሮቢት ለጠየቅሽኝ እህቴ። እናንተ ጋ ከፍታው ከ1,300 ሜትር ብዙ አይርቅም፣ አየሩ ከኛ ይልቅ ወፍራም ነው። ኳሱ ከኛ በተሻለ ይነሳል፣ በርቀት ግን ከኛ ያንሳል። የጠየቅሽው ሃይብሪድሽ ወደ ግራ ስለ መጠምዘዙ ነው። ይህ ያለ ችግር ነው። ብዙዎቹ ፊታቸው ወደ ግራ እንዲያዘነብል ተደርጎ የተሠሩት ለጀማሪ ብለው ነው። እኛ ጋ በስሱ አየር ጥምዝምዙ ይቀንሳል፣ እናንተ ጋ ግን ይጎላል። መጀመሪያ የኳሱን ቦታ አስተካክዪ፤ ከእግሮችሽ መሃል በሁለት ሦስት ሣንቲም ወደፊት ይሁን። እንደ ትልቁ ዱላ አትጥረጊው፣ እንደ አይረን ወደ ታች ምቺው። ኳሱን ለማንሳት አትሞክሪ፣ ማንሳት የዱላው ሥራ ነው። ይህን አድርገሽ ካልተስተካከለ ዘንጉ ላልቶብሽ ይሆናል፤ ጠንከር ያለ ዘንግ ያለውን ሞክሪ።

ለሰፈራችን ልጅ ደግሞ፦ እሑድ ጠዋት ውርጩ ሲረግፍ ከበሬሳ ወንዝ ማዶ ባለው ሜዳ እገኛለሁ። የኔን ባፍለርና አሮጌውን ሦስት ቁጥር አይረን ይዤ እመጣለሁ። ሃያ ኳስ በሁለቱም ምታና ራስህ ወስን። ለአይረኑ ቀብድ ሰጥተህ ከሆነ አስቀድመህ ደውልልኝ።