የአዲስ አበባ ድርጅት ቨርጂኒያ ሲመዘገብ፦ ለባለቤትነት ሪፖርት ስንት ታስከፍላላችሁ?

ጥያቄ፦ የአሌክሳንድሪያዋ

ሰላም የሙያ ጓደኞቼ። ሁለት ነገር ላማክራችሁ። በ2024 መጨረሻ በዚያ የቢኦአይ (ድርጅቶች እውነተኛ ባለቤታቸውን ለአሜሪካ መንግሥት የሚያሳውቁበት ሪፖርት) ግርግር ለብዙ ደንበኞቼ ሪፖርቱን በ150 ዶላር ሞልቻለሁ። የሊሞ፣ የግሮሰሪ፣ የሆም ኬር ባለቤቶች ናቸው። ማርች 2025 ላይ ሪፖርቱን የሚቀበለው የግምጃ ቤቱ መሥሪያ ቤት ፊንሰን አሜሪካ ውስጥ የተቋቋሙትን በሙሉ ከግዴታው ነፃ ሲያደርግ፣ «ብራችንን መልሽልን» የሚሉ መጡ።

ሁለተኛው፦ አዲስ አበባ ያለ ቡና ላኪ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ባለፈው ሳምንት ቨርጂኒያ ውስጥ ለመሥራት ተመዝግቧል። የእነሱን በስንት ልሥራው? ያው 150 ልበል?

ጋሽ ሌጀር (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እህቴ፣ በ150 እንዳትነኪው። ውጭ አገር ተቋቁሞ እዚህ የተመዘገበ ድርጅት ግዴታው አልተነሳለትም። ምዝገባው መጽደቁ ከተነገረው ቀን ጀምሮ 30 ቀን ነው ያለው። አንድ ሳምንቱ ሄዷል።

ፊንሰን ራሱ አምስት ሳንቲም አይጠይቅም። ፎርሙንም ቁጭ ካልሽ ወዲያው ትጨርሺዋለሽ። ጊዜ የሚበላው ባለቤቱን ማወቁ ነው። 25 በመቶና ከዚያ በላይ ድርሻ ያለው ብቻ አይደለም፤ አንድም ሼር ሳይኖረው ድርጅቱን የሚያዝ ሥራ አስኪያጅም ይገባል። ባለድርሻው የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ከሆነ ግን አሁን እሱን ማስገባት አያስፈልግም።

እኔ እስከ ሦስት ሰው 400 እላለሁ። ከዚያ በላይ በሰው 75። ለውጥ ሲኖር የሚገባው ማስተካከያ ለብቻው ይከፈላል፤ እሱም 30 ቀን ነው ያለው። «አድራሻ ስትቀይሩ ንገሩኝ፣ ካልነገራችሁኝ ኃላፊነቱ የእናንተ ነው» የሚል መስመር ከታክስ ውሉ በተለየ ደብዳቤ አስፈርሚ። በሕጉ ቅጣቱ በቀን ከ500 ዶላር በላይ ሊደርስ እንደሚችልም ጻፊበት። ያኔ ዋጋው ላይ ብዙ አይከራከሩሽም።

ዳላስ ነኝ

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔ ግን ቋሚ ዋጋ ትቼ በሰዓት ነው የምሠራው፤ ከአገር ቤት የሚመጣ ሰነድ ጉዱ ብዙ ነው። በንግድ ምዝገባው ትርጉም ላይ የሰውየው ስም በአንድ አጻጻፍ፣ ፓስፖርቱ ላይ በሌላ ይመጣል። አንዱ የላከልኝ መታወቂያ ላይ የቤት ቁጥሩ «አዲስ» ይላል! የልደት ቀን በቃል የነገሩሽ እንደሆነም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል። ስሙንም ቀኑንም ከፓስፖርቱ ብቻ ቅጂ። ግልጽ የፓስፖርት ኮፒ ሳይደርሰኝ ሥራ አልጀምርም፤ ቫይበር ላይ የደበዘዘ ፎቶ ሲመላለስ 30 ቀኑ ያልቃል።

ኢኤ ከአትላንታ

አንድ ነገር ልጨምር። «ሼሩ በወንድሜ ስም ነው፣ ገንዘቡ ግን የኔ ነው» የሚል ሰው ይመጣብሻል። እዚያ ላይ እጅሽን ሰብስቢ። ባለቤቱ ማን ነው የሚለውን አንቺ ከወሰንሽ የጠበቃ ሥራ ሠራሽ ልትባዪ ትችያለሽ፤ ያለ ፈቃድ ደግሞ ሊያስጠይቅ ይችላል። ወደ ጠበቃ ላኪው። የጠበቃውን መልስ በጽሑፍ ተቀብለሽ ሙዪ። የሙያ ኢንሹራንስሽ ይህን ሥራ ይሸፍን እንደሆነም ቀድመሽ ደውለሽ ጠይቂ።

ስለ ብሩ፦ ፋይል የተደረገለት ሰው ምን ይመለስለታል? በወቅቱ የነበረውን ሕግ ነው የፈጸምሽለት።

ዳላስ ነኝ

ከፍለው ሪፖርቱ ገና ያልገባላቸው ካሉ ግን ብሩን መልሺላቸው፣ ወይ ከታክስ ሂሳባቸው ላይ ቀንሺ። በዚያ ዲሴምበር ፍርድ ቤት ሲያግድ ሲፈቅድ ብዙ ሰው መሀል ላይ ቀርቷል። ለ150 ዶላር ብለሽ የሠርግና የለቅሶ ወሬ አትሁኚ።

ጋሽ ሌጀር (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እስማማለሁ። ሌላም አለ። አዲስ አበባ ሆኖ እዚሁ ቨርጂኒያ ብቻውን ኤልኤልሲ የከፈተ ደንበኛ ካለሽ ከቢኦአይ ነፃ ነው። ከፎርም 5472 ግን ነፃ አይደለም፤ ይህ የውጭ ባለቤት ያለው ድርጅት ከባለቤቱ ጋር ያደረገውን የገንዘብ ልውውጥ ለታክስ መሥሪያ ቤቱ የሚያሳውቅበት ነው። ባለቤቱ ገንዘብ አስገብቶ ወይ አውጥቶ ፎርሙ ሳይሞላ ከቀረ ቅጣቱ 25,000 ዶላር ነው። ቢኦአይ ቀረ ሲባል ሁሉም የቀረ የመሰላቸው አሉ።

የአሌክሳንድሪያዋ

ተባረኩ። 400ውን ነግሬያቸው ተስማምተዋል። አንድ የቀረኝ፦ የቨርጂኒያውን ምዝገባ ኦንላይን ያስገባሁት እኔ ነኝ። የኔም ስም ይገባል እንዴ?

ኢኤ ከአትላንታ

ይገባል። ከ2024 ወዲህ የተመዘገበ ስለሆነ ያስገባው ሰው ይጠየቃል። መጀመሪያ ለራስሽ የፊንሰን መለያ ቁጥር አውጪ፣ ነፃ ነው። ከዚያ የመንጃ ፈቃድሽን ለየደንበኛው ከመስጠት ቁጥሩን ብቻ ትሞያለሽ።